የማክሰኞ ወንፈል

በአገራችን መጽሐፍ ያልጀመረ ሰው ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ፣ ፍኖተ ሰላምን ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ በር ዞራችሁ ባዶ እጃችሁን የምትመለሱ ይመስለኛል። ባጃጅ ነጂው «የእኔ ሕይወት ቢጻፍ ጉድ ነው» ይላችኋል። ፀጉር አስተካካዩ ርእሱን ጨርሷል፤ የቀረው ውስጡ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ ደግሞ ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ፣ መታሰቢያነቱን ለማን እንደሚያደርግ ከባለቤቱ ጋር ተኳርፏል። ሁላችንም ላም አለኝ በሰማይ ባዮች ነን፤ ወተቷን የቀመሰ ግን አልገጠመኝም። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ልዩነቱ እኔ ለላሟ በረት መሥራቴ ነው፤ ጠረጴዛ አሠራሁ።

ጠረጴዛው የዋንዛ ነው። አናጢው ምን ሊሠራበት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ሊጻፍበት» አልሁት፤ ይህን ስል ደረቴ ትንሽ ነፋ ማለቱን አልደብቃችሁም። በመስኮቱ ሥር አስቀመጥሁት። በመጀመሪያው ጠዋት ርእስ ጻፍሁና፣ ርእሱ ስላማረኝ ሻይ ልጠጣ ተነሣሁ። በማግሥቱ ርእሱን ሰረዝሁት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትን፣ ጠረጴዛውና እኔ። ኋላ ባለቤቴ የሺ የታጠበ ልብስ ታጣጥፍበት ጀመር። አልተቆጣሁም። እንዲያውም «ልብስ ስላለበት ነው» ለማለት የሚመች ሰበብ ሆነልኝ።

ጀማሪ ጸሐፊ ምክር አያጣም። ስልኩን ከፍቶ «እንዴት ልጻፍ» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ዓለም ሥራውን ትቶ ይመክረዋል። አንዱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣ ይለዋል። ሌላው ስልክህን አጥፋ ይለዋል፤ ይህን የሚለው በስልክ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሁሉም የሚስማሙት ግን በአንድ ነገር ነው፤ ትንሽም ብትሆን በየጊዜው፣ ሳታቋርጥ። እውነታቸውን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ተማሪዎቼን ስመክር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የእኔ እንቁላል ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ፈረቃዬ የከሰዓት ስለሆነ ጠዋቴ ነፃ ነው፤ ነፃ ጠዋት እንዴት እንደሚባክን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንወዳደር።

አያ ባየ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ማንኩሳ አጠገብ በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ ገበሬ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አሳሳቋን የማየው በእሳቸው ፊት ላይ ስለሆነ፣ ቤቴ ሲመጡ ደስታዬ እጥፍ ነው። በግንቦት መጨረሻ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከተማ ገብተው እኛ ዘንድ አደሩ። ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈና የምን እንደሆነ ጠየቁ። የሺ እንደኔ ነገር አታንዛዛም፤ መጽሐፍ ሊጽፍበት አሠርቶት እኔ ልብስ አጣጥፍበታለሁ አለቻቸው።

አፈርሁና ማስረዳት ያዝሁ። ክፍል ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ባለበት ሁሉ ሥራ እንደማይከብደኝ፣ ብቻዬን ስቀመጥ ግን እጄ እንደሚተሳሰር፣ ሐሳቡ እንዳለኝ፣ ጊዜውም እንዳለኝ፣ ብቻ አንድ ነገር እንደሚጎድለኝ፣ ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ እንደማላውቅ ነገርኋቸው። ረጅም ነበር ማስረዳቴ። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ብቻውን የሚያርም ሰው አረም ያሸንፈዋል» አሉ። «ወንፈል አትገባም?»

ከተሜ ለሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ፣ ነገ አንተ የእኔን ማለት ነው። ከደቦ ጋር እንዳታምታቱት። ደቦ ተጠርተህ፣ ሠርተህ፣ በልተህ ጠጥተህ፣ ዘፍነህ የምትመለስበት ነው። ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ነው። ዝናብ ጣለ፣ ራሴን አመመኝ፣ አልተመቸኝም የሚባል ነገር የለም፤ ቀን ወስዶ ቀን ያልመለሰ ሰው በአገሩ ስሙ ይነሣል። አያ ባየ እንግዲህ ይህን ነው ያቀረቡልኝ። እሳቸው መጥተው እኔ ስጽፍ አብረውኝ ይውላሉ፤ እኔ ሄጄ ማሳቸውን አርማለሁ። ሳቅሁ። አብሮኝ የሚስቅ ሳጣ ሳቄን ዋጥሁት።

ቀኑን ስንነጋገር ቅዳሜ ይሁን ብዬ ነበር። አያ ባየ ትክ ብለው አዩኝ፤ ለመሆኑ መጻፍ ሥራ ነው ወይስ አይደለም አሉ። ሥራ ነዋ አልሁ፣ በኩራት። ሥራ ከሆነ በሰንበት አይሠራም አሉ። እሺ፣ ሥራ ባይሆንስ? ሥራ ካልሆነማ እኔ ለምን እጠራለሁ አሉ። ይህን ጥያቄ የተማሩ ሰዎች ብዙ የሚከራከሩበት ይመስለኛል፤ እንዲህ ባጭሩ ያለቀው ግን እኛ ቤት ነው። ማክሰኞ ጠዋት የእኔ ሆነ፣ ሐሙስ የእሳቸው። በሚካኤል ወይም በማርያም ከዋለ ወደ ማግሥቱ ይዞራል። ክረምቱ እየገባ ነበርና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሐሙሱም ሰበብ አይኖረኝም። ተስማማን።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሩ ተንኳኳ። አያ ባየ ከማንኩሳ በሚነሣው የመጀመሪያ ሚኒባስ መጥተዋል። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ በርጩማውን ስበው ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከዚያ ድርሻው እስከ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። አልገባኝም። ለካ አረም ሲታረም እያንዳንዱ ሰው ድርሻው ሳይለይ ሥራ አይጀመርም። ወረቀቱን አሳየኋቸውና ሙሉ ገጽ አልሁ። ገጹን ተመለከቱት፤ እኔንም ተመለከቱኝ። ወረቀቱን ወሰዱና ለሁለት አጥፈው እጥፋቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር አሰመሩበት።

«ለጀማሪ እስተዚህ ይበቃል» አሉ።

ግማሽ ገጽ። ዓመት ሙሉ ያቃተኝን ሙሉ መጽሐፍ ወደ ግማሽ ገጽ ያወረዱልኝን ሰው ምን ብዬ እንደማመሰግን ያን ቀን አላወቅሁም፤ እንዲያውም ትንሽ የተናቅሁ መስሎኝ ነበር።

ጻፍሁ። ምን ላድርግ? እስኪ አስቡት፤ የእናታችሁ ወንድም፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ሽማግሌ፣ ከማንኩሳ ድረስ መጥተው ፊታችሁ ተቀምጠው ሳለ «ዛሬ አልመጣልኝም» ትላላችሁ? የሺ እንዳይሰለቻቸው ሬዲዮ ልክፈትልዎ አለቻቸው፤ አይሆንም አሉ። በወንፈል ላይ የራስ ነገር አይያዝም። አያንቀላፉም። አያወሩም። እኔ ሐሳብ ጠፍቶኝ በመስኮቱ ስመለከት እሳቸውም ዞር ብለው በመስኮቱ ይመለከታሉ፣ ምን እንዳለ ለማየት፣ ከልባቸው። ምንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ ወደ እኔ ይመለሳሉ። ያኔ እኔም ወደ ወረቀቴ ከመመለስ በቀር መሄጃ የለኝም።

ስልኬ ጮኾ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድድ «ከብት ገባ እንዴ?» አሉኝ። ከብት አልገባም ነበር። ስልኩን የሺ ወሰደችው። የጻፍሁትን መስመር ሰርዤ እንደገና ልጀምር ስል ደግሞ እጃቸውን አነሡ፤ ወደ ኋላ አትመለስ፣ ለሁለተኛው አረም ይደርሳል አሉ። ምን እንደምጽፍ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ለይተዋል፤ ቢፈልጉ ቀና ብለው ማንበብ ይችላሉ። አያደርጉትም። እኔ በበኩሌ የጀመርሁት ስለ አንድ ጥንታዊ ንጉሥ ነበር። አያ ባየ ፊት ተቀምጦ ስለማያውቁት ንጉሥ መዋሸት ከበደኝና ንጉሡን ተውሁት። መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ስለምትሸጠው ሴትዮ ጻፍሁ። እሷን አውቃታለሁ። ግማሽ ገጹ ሳይታወቀኝ ሞላ።

የወንፈል ባለቤት ሠራተኛውን ማብላት አለበት። የሺ በሁለተኛው ማክሰኞ «ወንፈሉ ያንተ፣ ድግሱ የእኔ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ የማክሰኞን ሽንኩርት የምከትፈው እኔ ነኝ፤ ስጽፍ ያልወጣልኝ እንባ በዚያ ይወጣልኛል።

መንገድ ተዘግቶ መኪና የጠፋበት ሳምንት ነበር። ዛሬስ አይመጡም ብዬ ብርድ ልብሴን እስከ አንገቴ ስቤ ተኝቼ ሳለ ዱላቸው በሩን ቆረቆረው። ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግራቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው መጥተዋል። ለምን እንዲህ ይጎዳሉ ብዬ ተቆጣሁ። ማክሰኞ ነው አሉኝ፣ ቀኑ የጠፋብኝ መስሏቸው። ያን ዕለት ወረቀቱን ሳላጥፍ ጻፍሁ።

አሁን ወደ ሐሙሱ እንምጣ፤ ሐሙሱን ብዘለው ደስታዬ ነበር።

ለአፈር ዓይነቶች እንግዳ አይደለሁም። ጥቁሩን፣ ቀዩን፣ አሸዋማውን፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያበቅል ሰሌዳ ላይ ሥዬ ለብዙ ትውልድ አስተምሬያለሁ። ማሳ ላይ ጎንበስ ብዬ የበቀለውን ስመለከት ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው። በመጀመሪያው ሐሙስ ብዙ የበርበሬ ችግኝ ነቅዬ ሙጃውን በክብር ትቼው ወጣሁ። ከወዲያኛው ማሳ ሳቅ ሰማሁ። አያ ባየ አልሳቁም። የነቀልሁትን ችግኝ አንድ በአንድ አነሡ፣ የሚተርፈውን መልሰው ተከሉ፣ ለማይተርፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለቤታቸው ያቀረቡልኝን ምሳ በሐፍረት በላሁ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ወገቤ እስከ እሑድ አልቀና አለኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው አልሁ በልቤ፤ እሳቸው ሙሉ ጠዋት ሰጥተውኝ እኔ የምመልስላቸው ጥፋት።

ታዲያ ለምንድን ነው ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንደ ጎበዝ ሠራተኛ የሚጠብቁኝ? ይህን የነገረኝ ስማቸው የሚባል ጎረቤታቸው ነው። ስማቸው ማሳው ከአያ ባየ ማሳ ጋር የሚዋሰን፣ በዕድሜ እኔን የሚያህል ገበሬ ነው። በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝና እየሄድን አጫወተኝ።

አያ ባየ በአገሩ የታወቁ ጎበዝ ነበሩ። ካቻምና ክረምት ግን በሰው ማሳ ወንፈል ውለው ድርሻቸውን ሳይጨርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። በግራና በቀኝ ያሉት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ፣ እግረ መንገዳቸውን እያስመሰሉ፣ የእሳቸውን ትልም ጨረሱላቸው። አያ ባየ አዩ። እሳቸውም ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ወንፈል አልወጡም፤ ከዚያም ወዲያ አልወጡም። ያባረራቸው ሰው የለም። ጎረቤቶቹ እኛ እናርምልዎት ቢሏቸው፣ መመለስ የማልችለውን ቀን አልወስድም ብለው መለሷቸው። አንዱ ልጃቸው ቡሬ ፋብሪካ ገብቷል፣ ሌላው የረጅም መንገድ ሹፌር ነው። አምና ማሳውን አረም ዋጠው። ዘንድሮም እንዲያው ከሆነ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሊሰጡ ቆርጠዋል። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሽማግሌ ግማሽ ምርት አያጣም፤ የሚያጣው ጠዋት ተነሥቶ የሚሄድበትን ነው። አያ ባየ ያን የፈሩትን ያህል ሞትንም አይፈሩ አለኝ ስማቸው።

በሚኒባሱ መስኮት የሚያልፈውን በቆሎ እያየሁ ተመለስሁ። ወንፈል አትገባም ሲሉኝ ውለታ የዋሉልኝ መስሎኝ ነበር። ውለዋል፤ ያንንማ ማን ይክዳል? ግን በዚያች ጥያቄ ውስጥ የእሳቸውም ጉዳይ ነበረበት። ጉልበታቸው ከዳቸው እንጂ መቀመጥ አልከዳቸውም። ማክሰኞ ሙሉ አድርገው ሊመልሱት የሚችሉት ቀን ነው። በአገሩ «ወዴት ነው አያ ባየ?» ሲሏቸው «ወንፈል ልመልስ፣ ፍኖተ ሰላም» እያሉ በሚኒባሱ እንደሚሳፈሩ ኋላ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ማሳቸው በእኔ እጅ ወድቋል አልሁ። በእኔ እጅ! ያን ቀን የተሰማኝን ፍርሃት መንጃ ፈቃድ ስፈተን እንኳ አላየሁትም።

ጨክኜ ያዝሁት። ጎህ ሲቀድ መድረስ ጀመርሁ። በርበሬውን ከሙጃ፣ ሙጃውን መጭ ከሚባለው አረም ለየሁ። አያ ባየ ከኋላዬ እየተከተሉ በዱላቸው ጫፍ ያሳዩኛል፤ እኔ እነቅላለሁ። መኮትኮቻውን እንዴት እንደሚይዙት፣ ሥሩን ሳይነኩ አፈሩን እንዴት እንደሚያቅፉለት እጄ ቀስ በቀስ ተማረ። መዳፌ ጠነከረ። ያ ሁሉ መካሪ በስልክ የሚለው ነገር ለካ እውነት ነው፤ በየጊዜው ከሠሩት የማይለመድ የለም። ማክሰኞ ግማሽ ገጹ ሙሉ ገጽ ሆነ። የሺ ልብሷን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች፣ ሳልጠይቃት። ሐምሌ ሳያልቅ በሌሎቹም ጠዋቶች፣ አያ ባየ በሌሉበት፣ እጄ ራሱ ጠረጴዛውን ይፈልግ ጀመር። የመናኸሪያዋን ቆሎ ሻጭ ጨርሼ ስለ እናቴ ጀመርሁ። ማታ ስተኛ እግዚአብሔርን የማመሰግንበት ነገር በዛብኝ፤ ይህን ስል አላጋነንሁም፤ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ አዲስ ነገር መልመድ ይሰጠኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

በሐሙሱም ጎበዝሁ። ያረምሁት ጥግ ጥርት ብሎ ከሩቅ ይታያል። ስማቸው ያየኝ እንደሆነ ያመሰግነኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላመሰገነኝም። በፍልሰታ ጾም መካከል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከመኪና ስወርድ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው፤ እንዳይቀየሙኝ» አለ።

ነገሩን ለመጀመር ብዙ ዞረ፤ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጾሙ አወራ። በኋላ ግን እንዲህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ወደ ከተማ ስመለስ አያ ባየ ጎረቤቶቻቸውን ይጠራሉ። ለሥራ አይደለም፤ የእኅታቸው ልጅ ያደረሰውን ጥፋት እንዲያዩላቸው ነው። ጎረቤቶቹም መጥተው ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ይህስ እንዲሁ አይተውም ይላሉ። እኔ ያበላሸሁትን እናቃና ብለው ይገባሉ፤ ከገቡ አይቀር ከዳር እስከ ዳር ኮትኩተው፣ አርመው ይወጣሉ። እንግዳ ያጠፋውን ማቃናት ወንፈል አይደለም፤ የጎረቤት ወግ ነው። ቀን አይያዝበትም፣ አይመለስም። አያ ባየም ለዚህ እምቢ የሚሉበት ምክንያት የላቸውም። ሰኔና ሐምሌ ሙሉ ያ ማሳ ከአረም የዳነው እንዲህ ነው።

እስኪ በእኔ ቦታ ሆናችሁ ስሙት። ክረምቱን ሙሉ ማሳውን ያዳንሁት እኔ መስሎኝ ነበር። አድኜዋለሁም፤ በጥፋቴ።

«ባለፈው ሐሙስ ግን» አለ ስማቸው፣ መሬት መሬት እያየ፣ «የሠሩት ጥግ የምላጭ ያህል ጠርቶ ነበር። ምን ብለን እንግባ? አያ ባየ ደህና ታርሟል፣ ሂዱ አሉን። እርስዎ ያረሙት አንዲት ጥግ ጠርታ ሌላው ሁሉ እንደ በቀለ ቀረ። በርበሬው አሁን ካልታረመ አለቀ።»

ምን ላድርግ አልሁት።

«አይልመዱ መምህር» አለኝ። «በእመቤታችን፣ አይልመዱ።»

ልመድ የሚለኝን ምክር ስልኬ እስኪሞላ ሰብስቤያለሁ፤ አይልመዱ የሚል ምክር የሰማሁት ያኔ ነው። ማሳው ደርሼ መኮትኮቻውን አነሣሁ። ሆን ብሎ ማበላሸት እንዴት እንደሚከብድ ያልሞከረ አያውቀውም። እጄ መጩን ሲያይ ይነቅላል፤ እኔ ተው እለዋለሁ። ትልሙን ማጣመም እፈልጋለሁ፤ ወገቤ ራሱ ያቀናዋል። እንደ ምንም ሙጃውን እየዘለልሁ፣ አፈሩን ወደማያስፈልግበት እየጎተትሁ፣ አንድ ሁለት ችግኝ ላይ ላብ እያጠመቀኝ እጄን ሰነዘርሁ። ችግኞቹን ስነቅል ይቅር በሉኝ አልኋቸው። ዞር ብዬ የሠራሁትን ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ከመጀመሪያው ሐሙስ የባሰ ነበር። ያን ያህል መበላሸትም ሙያ ይጠይቃል።

አያ ባየ በዱላቸው እየተመረኮዙ መጡ። ከትልሙ ዳር ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ያልነቀልሁትን መጭ አዩ፤ የነቀልሁትን በርበሬ አዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ተማሪ ሳለሁ እንኳ ፈተና ሲታረምልኝ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ ቀና አሉና ወደ ወዲያኛው ማሳ ተጣሩ። ስማቸው ሆይ፣ ና እስኪ ይኸን ጉድ እይልኝ አሉ።

ስማቸው ብቻ አልነበረም የመጣው። ከየአቅጣጫው ሰው ብቅ ብቅ አለ፤ በአጋጣሚ የሚያልፍ ሰው ሁሉ መኮትኮቻ የያዘበት ቀን ነበር። ጥፋቴን ከበው አዩ። ሳቁብኝ፤ አንዱማ የከተማ ሰው እንዲህ የሚያደርገው ምን በልቶ ነው አለ። በሕይወቴ ሲሳቅብኝ እንዲያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ከዚያ ይህስ እንዲሁ አይተውም ተባለና ገቡበት። ከዳር እስከ ዳር፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ የበርበሬውን ማሳ ተያያዙት። እኔን ወደ ዳር ገፈተሩኝ፤ መኮትኮቻዬንም አንዱ ወሰደው።

ድንበሩ ላይ ካለው ሣር ላይ ተቀመጥሁ። አያ ባየ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም ሰዎቹ ሲሠሩ እንመለከታለን። አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኋቸው። ስለ ምኑ ነው አሉኝ። ስለ ማክሰኞው አልሁ፤ ሌላውን መናገር አልቻልሁም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ መጻፉን አጥብቀህ ያዝ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከማሳው ሳያነሡ።

ከዚያ ሰዎቹ እንዳይሰሟቸው ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁለተኛም እንደ ባለፈው ሐሙስ እንዳትሠራ።»